ሪቱክሲማብ ከመጀመሩ በፊት የሚወሰዱ ክትባቶች፦ ለአንዲት የሩማቶይድ አርትራይተስ ታካሚ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ52 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ እንዳለብኝ ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በሳምንት አንድ ቀን 15 ሚሊግራም ሜቶትሬክሴት፣ በየቀኑ ደግሞ 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ። እብጠቱ አልለቅ፣ ጣቶቼም ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ስላሉኝ ሐኪሜ ሪቱክሲማብ የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሊያስጀምረኝ አስቧል። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ለሐጅ እንጓዛለን፤ ክትባት ግዴታ ነው ተብለናል። ክትባት ሕመሜን ይቀሰቅስብኛል ወይ? መድኃኒቴንስ ማቆም አለብኝ? ቤታችን ውስጥ የሁለት ወር የልጅ ልጅ አለች፤ እሷ የምትከተበው ነገር እኔን ይጎዳኛል?»

ምላሽ፦ በጥያቄዎ መሐል ጣል አድርገው ያለፉት አንድ ነገር ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይበልጥ ከብዶ ታይቶኛል፤ እርሱም ሪቱክሲማብ ገና አለመጀመሩ ነው። የትኛውን ክትባት ልውሰድ የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ አያስቸግርም። መቼ ልውሰድ የሚለው ግን በእርስዎ ሁኔታ ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው ይህ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ በሚሰጥበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ከሐኪምዎ ጋር ያንን ቀን ከመቁረጥዎ በፊት የክትባቱን ጉዳይ አንሥተው ቢጨርሱ ይሻላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሪቱክሲማብ የሚሠራው ቢ ሴል የሚባሉትን የነጭ ደም ሕዋሳት ከደም ውስጥ በማጥፋት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በእርስዎ ሕመም ላይ መገጣጠሚያን የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች እንዲመነጩ የሚያደርጉ ናቸው፤ ነገር ግን ክትባት ሲወሰድ መከላከያ የሚሆኑትን አንቲቦዲዎች የሚያመነጩትም እነርሱው ናቸው። በመሆኑም መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ገደማ የሚወሰድ ክትባት፣ ሕያው ተዋሲያን እስካልያዘ ድረስ ባይጎዳም፣ የሚጠበቅበትን መከላከያ ሳያስገኝ ሊቀር ይችላል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ልዩነት በሚሰጡ ሁለት የ1000 ሚሊግራም መጠኖች ተጀምሮ እንደ ሕመሙ ሁኔታ በየስድስት ወሩ ገደማ ስለሚደገም፣ አንዴ ከተገባበት በኋላ ለክትባት የሚመች ክፍተት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሕያው ያልሆኑት ክትባቶች ከመጀመሪያው መጠን ቢቻል አራት ሳምንት፣ ካልሆነም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመው ቢያልቁ ይመረጣል። ይህን ስል ግን ሕመሙ እየበረታ መገጣጠሚያዎ እየተጎዳ ሳለ የክትባት መርሐ ግብር እስኪሟላ ሕክምናው ለብዙ ወራት ይዘግይ ማለቴ አይደለም። ጥቂት ሳምንታት መታገሥ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፤ ስድስት ወር መታገሥ ግን አይቻልም።

እዚህ ላይ በሕያውና ሕያው ባልሆኑ ክትባቶች መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። ሕያው ክትባት ማለት የተዳከመ ቢሆንም በሰውነት ውስጥ መራባት የሚችል ተዋሲያን የያዘ ነው፤ የኩፍኝ፣ የጉድፍ፣ የቢጫ ወባ፣ የቢሲጂ (የቲቢ መከላከያ)፣ የሮታ (የሕፃናት ተቅማጥ መከላከያ) እንዲሁም በአፍ የሚንጠባጠበው የፖሊዮ ክትባት ከዚህ ይመደባሉ። የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የሚያሰጉት እነዚህ ናቸው። የኢንፍሉዌንዛ መርፌ፣ የኒሞኮከስ (የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ)፣ የሄፓታይተስ ቢ፣ የቴታነስና ዲፍቴሪያ፣ የማጅራት ገትር እንዲሁም በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ግን ሕያው ተዋሲያን ስለሌላቸው በእርስዎ ሰውነት ውስጥ በሽታ ሊሆኑ አይችሉም። ብዙ ሰው በአፍ የሚሰጠው ቀላል፣ በመርፌ የሚሰጠው ከባድ ይመስለዋል፤ ልዩነቱ ግን በአሰጣጡ አይደለም። በወረርሽኝ ጊዜ በአፍ የሚሰጠው የኮሌራ ክትባት የሞተ ባክቴሪያ የያዘ ሲሆን፣ በመርፌ የሚሰጠው የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ ሕያው ነው።

ከሁሉ በፊት ማድረግ የሚገባዎ ክትባት ሳይሆን የደም ምርመራ ነው፤ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ። ሪቱክሲማብ በጉበት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የኖረን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሊቀሰቅስና ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል የጉበት ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በከፍተኛ ደረጃ ማስጠንቀቂያ ሰፍሯል። ሄፓታይተስ ቢ በሀገራችን በሰፊው የሚገኝ ሲሆን፣ ክትባቱ ወደ ሕፃናት መደበኛ ፕሮግራም የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን በልጅነታችን አልወሰድነውም። ምርመራው በተለምዶ የሚታዘዘው የቫይረሱ የላይኛ አካል (ኤችቢኤስ አንቲጂን) ብቻ ሳይሆን፣ ቀድሞ ተይዞ ማለፍን የሚያሳየውን የኮር አንቲቦዲ ምርመራም እንዲያካትት ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ የመጀመሪያው ነጻ ነዎት ቢል እንኳ ሁለተኛው ቫይረሱ ተደብቆ እንደሚገኝ ሊጠቁም ይችላል። ከሁለቱ አንዱ ከተገኘ ሪቱክሲማብ የሚጀመረው ከጉበት ሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ እንደ ሁኔታውም ቫይረሱን የሚያፍን መድኃኒት አስቀድሞ ተጀምሮ ነው።

ሁለቱም ነጻ ከሆኑ ክትባቱን ይጀምሩ። የተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን፣ በአንድ ወርና በስድስት ወር ነው፤ እርስዎ ግን ስድስት ወር ለመጠበቅ ስለማይመችዎ በመጀመሪያው ቀን፣ በአንድ ወርና በሁለት ወር ተሰጥቶ ከዓመት በኋላ የሚደገመውን የተፋጠነ አሰጣጥ ማንሣት ይቻላል። መጨረስ ባይችሉ እንኳ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጠኖች ከሪቱክሲማብ በፊት መውሰድ ምንም ካለመውሰድ ይሻላል። ከመጨረሻው መጠን በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ የአንቲቦዲው መጠን ይለካ፤ 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት በሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ መከላከያው እንደያዘ ይቆጠራል።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በሀገራችን በመደበኛው ፕሮግራም ውስጥ ስለሌለ ጉንፋን ማለት ምንድን ነው ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ግን፣ በበሽታው በራሱም በመድኃኒቶቹም ምክንያት፣ ኢንፍሉዌንዛ ወደ ሳንባ ምች የመሸጋገር ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ሐጅ ደግሞ ከመላው ዓለም የመጣ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋበት ቦታ በመሆኑ የመተንፈሻ አካል ሕመም ከተጓዦች እምብዛም አይለይም። ይህ ክትባት በየዓመቱ የሚወሰድ ሲሆን፣ መከላከያው እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ ከጉዞው ቢያንስ በዚያው ልክ መቅደም አለበት። ከሌሎቹ የሚለየውም ሪቱክሲማብ ላይ ቢሆኑ እንኳ ወቅቱ ከደረሰ ሳይዘገይ የሚወሰድ መሆኑ ነው፤ ምላሹ ቢቀንስም ኢንፍሉዌንዛ ስድስት ወር አይጠብቅምና።

መድኃኒት ስለ ማቆም ለጠየቁት የምመልሰውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሜቶትሬክሴት ለኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚሰጠውን ምላሽ እንደሚቀንስ፣ ከክትባቱ በኋላ ለሁለት ሳምንት ሲቋረጥ ግን ምላሹ እንደሚሻሻል በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ሕመማቸው ጸጥ ላለላቸው ታካሚዎች ከኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኋላ ሁለት ሳምንታዊ መጠን እንዲዘሉ ይመከራል። የእርስዎ ሕመም አሁን እንዳልተረጋጋ ስለገለጹ ግን መዝለሉ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን የሚወስኑት መገጣጠሚያዎን የሚያዩት ሐኪም ናቸው፤ አይሆንም ካሉ ክትባቱን መድኃኒቱ ላይ እያሉ ይውሰዱ እንጂ ክትባቱን አይተዉ። ለሌሎቹ ሕያው ያልሆኑ ክትባቶች ሜቶትሬክሴት ማቋረጥ አያስፈልግም። ከዘለሉ በኋላ ሲመለሱ ያለፈውን ለማካካስ በሚል ደርበው እንዳይወስዱ፤ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መሆኑ ተዘንግቶ በየቀኑ ሲወሰድ ለሞት ያደረሰ መድኃኒት ነውና መመለሻውን ቀን በጽሑፍ ያስይዙ።

ፕሬድኒሶሎኑን ግን ለምንም ዓይነት ክትባት ብለው በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል (ፕሬድኒሶሎን የሚተካውን ተፈጥሯዊ ሆርሞን) ማመንጨት ስለሚቀንስ በድንገት ማቋረጥ የደም ግፊትን እስከ መጣልና ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል። ደግሞም 5 ሚሊግራም ለክትባት የሚያሳስብ መጠን አይደለም፤ ከኢንፍሉዌንዛ በስተቀር ሌሎቹን ክትባቶች ለጊዜው ማቆየት የሚታሰበው በቀን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ለሚወስዱ ነው።

የኒሞኮከስ ክትባት በሕፃናት ፕሮግራማችን ውስጥ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አዋቂ ግን በግል ፈልጎና ከፍሎ የሚያገኘው ነው። ሃያ ዓይነት ተዋሲያንን የሚከላከለው ከተገኘ አንድ ጊዜ ይበቃል። አሥራ ሦስት ዓይነቱ ብቻ ከተገኘ ቢያንስ ከስምንት ሳምንት በኋላ ሃያ ሦስት ዓይነቱ ይከተላል፤ ጊዜው ካጠረብዎ የመጀመሪያውን ከሪቱክሲማብ በፊት መውሰድ ይቀድማል። ቴታነስን በተመለከተ በእርግዝና ጊዜ የተከተቡበት ካርድ ካለ ይፈልጉት፤ ከመጨረሻው አሥር ዓመት ካለፈ አንድ ማጠናከሪያ ይውሰዱ።

አልማዝ ባለጭራ በሩማቶይድ አርትራይተስ ታካሚዎች ላይ ከሌላው ሰው ወደ እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይከሰታል፤ ሽፍታው ከጠፋ በኋላ የሚቀረው የነርቭ ሕመምም ከባድ ነው። ሕያው ያልሆነውና በሁለት መጠን የሚሰጠው ሺንግሪክስ የተባለው ክትባት ለእርስዎ ተስማሚ ነው፤ የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ሁለተኛው መጠን ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ይህን ሲያነቡ አሜሪካ ያለ ዘመድ ገዝቶ በሻንጣ እንዲልክልዎ ማሰብዎ አይቀርም። አይሞክሩት። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ሳይቋረጥ መጠበቅ ያለበት በመሆኑ በሻንጣ መጥቶ በቤት ፍሪጅ የቆየ ብልቃጥ መልኩ ባይለወጥም ዋጋ ቢስ ሊሆን ይችላል። ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ውጭ የሚሄዱ ከሆነ እዚያው መከተብ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው።

ክትባት ሕመሜን ይቀሰቅስብኛል ወይ ለሚለው፣ እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች ሕያው ያልሆኑ ክትባቶች የሩማቶይድ አርትራይተስን አካሄድ እንደሚያባብሱ አላሳዩም። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የክንድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ድካም፣ አንዳንዴም የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሊኖር ይችላል፤ ይህ ክትባቱን የሚቀበል ሰውነት የሚያሳየው የተለመደ ምላሽ ሲሆን ፓራሲታሞል ይበቃዋል። እብጠቱ ከሳምንት በላይ ከቆየ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። ክትባቱን ፈርቶ የተወ ሰው በኢንፍሉዌንዛ ወይም በሳንባ ምች ሲታመም ግን መድኃኒቶቹን ለሳምንታት ለማቆም ይገደድና ሕመሙ የሚነሣበት በዚያ በኩል ነው፤ በክሊኒክ ውስጥ ደጋግመን የምናየውም ይህንኑ ነው።

ወደ ሐጅ ልመለስ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከማንኛውም ተጓዥ የምትጠይቀው አራት ዓይነቶችን (ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ እና ዋይ) የሚከላከለውን የማጅራት ገትር ክትባት ነው። ሕያው ስላልሆነ አያሰጋዎትም። ከመድረስዎ ቢያንስ አሥር ቀን መቅደም አለበት፤ ኮንጁጌት የሚባለው ዓይነት ለአምስት ዓመት፣ ፖሊሳካራይድ የሚባለው ደግሞ ለሦስት ዓመት ተቀባይነት አለው። አብዛኛው ሑጃጅ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ተሰልፎ ይከተባል፤ እርስዎ እንደዚያ ካደረጉ ሪቱክሲማብ ሥራውን በጀመረበት ሰዓት ይሆንና ወረቀቱን ይዘው መከላከያውን ሳይዙ ይጓዛሉ። ስለዚህ ኮንጁጌቱን አሁኑኑ ይውሰዱ፤ በካርዱ ላይም የክትባቱ ዓይነት ተለይቶ መጻፉን ያረጋግጡ፤ ዓይነቱ ካልተገለጸ ለሦስት ዓመት ብቻ ሊታሰብ ይችላል። የፖሊዮ ማስረጃም ከተጠየቁ በአፍ የሚሰጠውን ሳይሆን በመርፌ የሚሰጠውን ይጠይቁ።

የሚያስቸግረው ቢጫ ወባ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው ሀገሮች ተርታ ስለምትመደብ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወላይታ፣ በ2020 ደግሞ በጉራጌ ወረርሽኝ መታየቱም ስለሚታወቅ፣ ከዚህ የሚሄድ ተጓዥ ማስረጃ ይጠየቃል። ክትባቱ ሕያው ነው። መጀመሪያ ቤትዎ ውስጥ አሮጌ ቢጫ ካርድ (ዓለም አቀፍ የክትባት ማስረጃ) እንዳለ ይፈትሹ፤ ከዚህ በፊት ለሥራም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ውጭ ሄደው ከተከተቡ፣ ካርዱ ላይ የአሥር ዓመት ገደብ ቢጻፍበትም፣ ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ አንዱን መጠን ለዕድሜ ልክ ስለሚቀበል ሌላ አያስፈልግዎትም። ጨርሶ ተከትበው የማያውቁ ከሆነ ያለዎት ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ሜቶትሬክሴትን ከክትባቱ በፊት አራት ሳምንት፣ በኋላም አራት ሳምንት አቁሞ፣ ሪቱክሲማብንም ከዚያ በኋላ እንዲጀምር አዘግይቶ መከተብ ነው። አሁን ባለዎት እብጠት ላይ ሁለት ወር ያለ መድኃኒት መቆየት ከባድ ነው፤ ዕለታዊው ፕሬድኒሶሎን ደግሞ እንዲሁ በቀላሉ የሚተው አይደለም። ሁለተኛው ሐኪምዎ በጤና ምክንያት መከተብ እንደማይችሉ ገልጸው ፈርመውና ማኅተም አድርገው የሚሰጡት ማስረጃ ሲሆን፣ በቢጫ ካርዱ ላይ ለዚሁ የተዘጋጀ ገጽ አለ። በደንቡ የታወቀ አሠራር ቢሆንም መቀበሉ የአስተናጋጁ ሀገር ውሳኔ ነውና ከጉዞ ወኪሉ ጋር ቀድመው መነጋገር አለብዎ። እኔ በእርስዎ ቦታ ለሚገኝ ታካሚ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ መካ ቢጫ ወባ የሚያዝበት ቦታ ባለመሆኑ ክትባቱ ለጉዞው የሚጠይቅዎ መሥዋዕትነት ከሚሰጥዎ ጥቅም ይበልጣል። ቢጫ ወባ ወደሚታይባቸው አካባቢዎች የሚሄድ ታካሚ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

የልጅ ልጅዎ ክትባቷን አንድም ሳይጎድል ትውሰድ። ቢሲጂውም፣ በዘጠኝና በአሥራ አምስት ወሯ የምትወስደው የኩፍኝ ክትባትም ወደ እርስዎ አይተላለፍም፤ እንዲያውም ያልተከተበች ሕፃን ኩፍኝ ወይም ትክትክ ይዛ ብትመጣ የሚብሰው ለእርስዎ ነው። ጥንቃቄ የሚሹት የፖሊዮ ጠብታውና የሮታ ክትባቱ ናቸው፤ የተዳከሙት ቫይረሶች በሰገራዋ ለሳምንታት ይወጣሉ። ስለዚህ እነዚህን ከወሰደች በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት የሽንት ጨርቅ መቀየሩን ለእናቷ ይተዉት፤ ሌላ ሰው ከሌለ ጓንት ያድርጉ፣ እጅዎንም በሳሙና በደንብ ይታጠቡ። ማቀፍና መሳም አይከለከልም። የፖሊዮ ዘመቻ ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲመጡም በእርስዎ ሕመም ምክንያት ሕፃኗን እንዳትከለክሏት።

ይህን የሚያነቡ፣ የእርስዎ ዓይነት ሕመም ያለባቸውና ልጅ ለመውለድ የሚያስቡ ወጣት ሴቶች ስለሚኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ለዚሁ ሕመም የሚሰጡትን ኢንፍሊክሲማብ ወይም አዳሊሙማብ የተባሉ መድኃኒቶች በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ የወሰደች እናት ልጅ መድኃኒቱን በእንግዴ ልጁ በኩል ተቀብሎ በደሙ ውስጥ ለወራት ሊያቆየው ይችላል። ኢንፍሊክሲማብ ከምትወስድ የክሮንስ (የአንጀት ብግነት) ሕመምተኛ እናት የተወለደ ሕፃን ቢሲጂ ከተሰጠው በኋላ ተዋሲያኑ በሰውነቱ ተሠራጭተው ሕይወቱ ማለፉ እ.ኤ.አ. በ2010 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። በሀገራችን ቢሲጂ የሚሰጠው ገና በማዋለጃ ክፍል በመሆኑ፣ እንዲህ ያለች እናት መድኃኒቱን ከመውለዷ በፊት ለአዋላጇ ማሳወቅና ቢሲጂውን ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ማዘግየት አለባት። ቲቢ በብዛት ባለበት ሀገር ማዘግየት ማለት መተው አይደለምና ቀጠሮው ይያዝ።

ወደ ሐኪምዎ ሲሄዱ የድሮ የክትባት ካርዶችዎን፣ የሄፓታይተስ ውጤቱንና የጉዞውን ቀን ይዘው ይሂዱ። የሐጁ ወር ከሪቱክሲማብ ሁለተኛ ዙር ጋር ሊገጥም ስለሚችል፣ የመጀመሪያው መጠን መቼ ቢጀመር ሁለተኛው ዙር ከጉዞ በኋላ እንደሚውል አብራችሁ አስሉት፤ መድኃኒቱን በተቀበሉ በሁለተኛው ሳምንት ላይ በሙቀትና በሕዝብ መሐል እንዲገኙ አልመክርምና። ሕያው ያልሆኑት ክትባቶች በተለያየ የክንድ ቦታ በአንድ ቀን አብረው መሰጠት ስለሚችሉ፣ የማጅራት ገትሩን፣ የኒሞኮከሱንና የሄፓታይተስ ቢውን የመጀመሪያ መጠን በአንድ ጉዞ መጨረስ ይችላሉ፤ ባለቤትዎም በዚያው ቀን የማጅራት ገትሩንና የኢንፍሉዌንዛውን ይከተቡ።